ከሕፃኑ ጎን የተኛው ውሻ

ሽማግሌው ሞተው የተገኙት ከጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል፣ ወንበራቸው ላይ ነበር። እጃቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ነው፤ የልብሱ ጫፍ ዙሪያውን ከጀርባቸው ተወትፏል። እሳቸው እዚያ ሲያልፉ አራስ ልጃቸው ሳሎን ውስጥ ሕፃን ወንድ ልጇን ከቤቱ ውሻ ጋር ፎቶ ታስነሳ ነበር።

ሐኪሙ በሰውነታቸው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት አገኘ። መድኃኒቱ አብራቸው የምትኖረው የልጃቸው ባል እህት የምትወስደው ነው። ከሽማግሌው ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ። «ጠዋት ስትወጣ የሆነ ነገር ውስጥ ጨምራበት ነው» አለች አራሷ፤ ነፍሰ ገዳይም አለቻት። ባልየው ጎንበስ ብሎ ውሻውን ደባበሰ።

መርማሪዋ ስትገባ ውሻው ዘሎ ተጠመጠመባት፤ ባልየው ጎትቶ አሰረው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ስትል ለምርመራው የተጠራችውን ፎቶ አንሺ ጠየቀቻት።

«ያን ቀንማ ብሶበት ነበር። ሕፃኑ ጨዋ፣ እንደ አራስ ልጅ የሚያስቸግረው ውሻው። ዕረፍት ላይ ወተት ጠጣና ረጋ አለልኝ።»

መርማሪዋ ፎቶዎቹን አየች። በመጀመሪያዎቹ ውሻው የጭራ ጥላ ብቻ ነው። በኋለኞቹ ከሕፃኑ ጎን ተዘርሯል፤ ሕፃኑ ጆሮውን ጨምድዶ ይዞት እንኳ ውሻው አልነቃም።

«ውሻው የግድ ነበር?» አለቻት አራሷን።

«ከልጄ በፊት ልጄ እሱ ነበራ። አባባ ተቆጡ፣ እኔ አለቀስኩ። ባሌ እንዳይከፋኝ ላይ ታች ሲል ዋለ።»

«አባትሽ ወተት ይወዱ ነበር?»

«ካገኙ መች ያልፉታል።»

የባልየው እህት ግን ብዙ አልተናገረችም። «ክኒኑ ጎድሏል። ማን እንደወሰደው እኔ እንጃ» አለችና ወለሉን አየች።

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ውሻውና ሽማግሌው አንድ መድኃኒት ነው የጠጡት» አለች። «ሰው ሊገድል የመጣ ውሻ አያስተኛም። ወተቱ የተበጠበጠው ለፎቶው ነው፤ የተረፈውን ሽማግሌው ጓዳ ውስጥ አግኝተው ጠጡት። እስከዚህ ስህተት ነው። ግን እጁ ከሥር የሆነ ሰው ብርድ ልብስ ከጀርባው አይወትፍም። ያለበሳቸው አይቷቸዋል፣ አላየሁም ብሏል። የሕፃኑ እናትና ፎቶ አንሺዋ ከዚህ ክፍል አልወጡም። እህትህም ቤት አልነበረችም፤ የቀረኸው አንተ ነህ።»

ባልየው አንገቱን ደፋ።

«ባዶውን ኩባያ አየሁት» አለ። «ያንኮራፉ ነበር። ሲለቃቸው ይነቃሉ አልኩ። ሐኪም ብጠራ ውሻውን ማደንዘዜ ሊወጣ ነው፤ አፈርኩ። አለበስኳቸው፣ ኩባያውን አጠብኩ፣ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ የተነሳነው ፎቶ ላይ እየሳቅሁ ነው።»

«እኔን ነፍሰ ገዳይ ሲሉኝስ?» አለች እህቱ በቀስታ። «ክኒኑ ሲጎድል አንተ እንደሆንክ ገብቶኝ ነበር። ራስህ እስክትናገር ነው የጠበቅሁህ።»



«ሲያንኮራፉ ሰማሃቸው» አለች ሚስቱ።

«አዎ።»

«እና መጥተህ አጠገቤ ቆምክ።»

 ተነሥታ ልጇን ለባሏ እህት አስታቀፈቻት፣ ወደ አባቷ ክፍል ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።