ሸማኔው ወፍና የእኔ አናጢ

መጀመሪያ ያየኝ እግሩ የተሰበረ በርጩማ ተሸክሜ አናጢ ቤት ስገባ ነው። ዓይኑን እኔ ላይ ጥሎ መዶሻውን አውራ ጣቱ ላይ አሳረፈው። ሳቅሁበት። በዚያው ሳቅ ተያዝኩ።

እኔ ሰሌን ሠሪ ነኝ። ደጄ ካለው ዛፍ ሥር ስሠራ ውዬ ስሠራ ይመሻል። ፊደል ባልቆጥርም ከራሴ በላይ ያሉትን ሸማኔ ወፎች ጠንቅቄ አውቃቸዋለሁ። ወንዱ ቢጫ ነው፣ ፊቱ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። እርጥብ ሣር በመንቁሩ እየቋጠረ ጎጆ ይሠራና ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጣራል። እሷ እንደሱ ያማረ ላባ የላትም፤ ፍርዱ ግን የእሷ ነው። ገብታ ሣሩን ትጎትተዋለች። ካልጣማት ጥላው ትሄዳለች። እሱም የገዛ ጎጆውን አፍርሶ እንደገና ይጀምራል።

ይህን ሳሳየው አናጢው፣ «እኔም አልጋችንን እስክትወጂው ድረስ እያፈረስኩ እሠራዋለሁ» አለኝ።

ያለ ምስማር፣ በእንጨት ሽብልቅ ብቻ የተያያዘ አልጋ ሠራ። ነቅነቅ አድርጌ ወደድኩት። ሠርጋችን ሳምንት ሲቀረው ያ አልጋ የአሠሪው ሴት ልጅ ቤት ገባ። እሱም ባሏ ሆኖ አብሮ! የነገረኝ ወንድሜ ነው፤ አናጢውማ ደጄንም አልረገጠም።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። ሚስቱ ሞተች። ሽበቱን አበጥሮ መጣ።

«አሁንስ ይቅር አትይኝም?»

«መጀመሪያ አልጋዬን ሥራ። ቃልህን አልረሳሁም።»

ሠርቶ አመጣ። ጎረቤት ሁሉ እያየ ነቀነቅሁትና፣ «ይነቃነቃል፣ አፍርሰው» አልኩት። ውሸቴን ነው፣ ንቅንቅ አላለም። አፈረሰው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ጎረቤቴ ኧረ ፈጣሪን ፍሪ ብትለኝ፣ እሱ መቼ ፈራና አልኳት። ሽብልቁን ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ሳየው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አራተኛውን አምጥቶ ደጄ አቆመው። ያኔ የተወኝ አሠሪውን ፈርቶ እንደሆነ፣ አንድም ቀን እንዳልረሳኝ ነገረኝ። አመንኩት።

«አልጋው ጥሩ ነው» አልኩት።

ፊቱ በራ። ወደ ዛፉ ጠቆምኩት። ሴት ያልገባችበት ጎጆ ደርቆ ተንጠልጥሏል።

«አየኸው? አሠራሩ እንከን የለውም። ሴቷ ግን የምትገባው ሣሩ እርጥብ ሳለ ነው...»

ጎጆውን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ መዶሻውን አንሥቶ፣ አልጋውን ትቶልኝ ሄደ። ስሙን ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት።

አሁን በዚያ አልጋ መሀሉን ይዤ ብቻዬን እተኛለሁ። አይነቃነቅም።