ቀድሞ የመጣ እሳት

የአውሮፕላን ሠሪው የጓዴ አስከሬን ቢቸና ዳር ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ በገዛ እጁ ከሠራው አውሮፕላን አፍንጫ ሥር ተዘርሯል። ግንባሩ እስከ ማጅራቱ ተሰንጥቋል፤ ቀኝ ክንዱ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል።

ኢንስፔክተር ሥርጉት ተንበርክካ አፍንጫው ላይ የሚሽከረከረውን የእንጨት ፕሮፔለር መረመረች። ደምና ፀጉር የተጣበቀው ሲዞር በሚቀድመው ወፍራም የፊት ጠርዝ ሳይሆን በስሱ የኋላ ጠርዝ ላይ ነበር።

ከጓዴ ጋር የሚሠራው በያጁ ሣህለ ማርያም ያየውን ነገራት። ሞተሩን በእጅ እያዞሩ የሚያስነሱት እሱና ጓዴ ተራ በተራ ነው፤ ዛሬ ጓዴ ቀደመው። እሱ ፕሮፔለሩ አጠገብ ተንበርክኮ ጎማውን ሲደግፍ ጩኸት ሰማ። ጓዴ አዳልጦት ፕሮፔለሩ ውስጥ እንደገባ ለመጣው ሁሉ ተናግሯል።

የሟች ሚስት ወለተ ሐና የፊዚክስ መምህርት ናት። ከክፍል ተጠርታ ስትደርስ አስከሬኑ ተሸፍኖ ነበር። «ስንቴ ነገርኩት» አለቻት ለሥርጉት፤ «ያ ሞተር ወደ ኋላ ረግጦ በላው።»

በማግስቱ ሥርጉት ሞተሩ ውስጥ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ መቼ እንደሚመጣ የሚወስነውን የእሳት መቆጣጠሪያ ሳጥን ይዛ ሞጣ ሄደች። ሳጥኑን የሠራው የኔሰው ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘውና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሞተሩ ሲነሳ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ነው መምጣት ያለበት፤ የሚቀድመው ሲፈጥን ነው። እዚህ ግን የማስነሻው ቁጥር ሠላሳ ዲግሪ ቀድሟል። እሳቱ ፒስተኑን ገና ሽቅብ ሲወጣ መልሶ ይመታዋል፤ ፕሮፔለሩ በተቃራኒው ይዞራል።»

«ስህተት ይሆን?»

«ሌላው ቁጥር አልተነካም። ሆን ተብሎ ነው።»

ቁጥሩን ለመቀየር የሚያስፈልገውን የይለፍ ቃል ከሟች ሌላ የሚያውቁት የኔሰው፣ ሣህለ ማርያምና ወለተ ሐና ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ሥርጉት ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የኔሰው ገድሎ ቢሆን ቁጥሩን አጥፍቶ ያሳየኝ ነበር፤ እንዳለ አሳየኝ። ሣህለ ማርያም የሚመጣውን ቢያውቅ ፕሮፔለሩ አጠገብ ባልተንበረከከ ነበር። አዳለጠው ያለውም እሱ ነው፤ ከተማው ሁሉ ያንኑ አወራ። ወደ ኋላ ረገጠው ያሉኝ፣ መምህርት፣ እርስዎ ብቻ ነዎት። ያን ሰዓት ይህን የሚያውቅ ቁጥሩን የቀየረው ሰው ብቻ ነበር።»

ወለተ ሐና አልካደችም። የጓዴ የመጀመሪያ አውሮፕላን ሞጣ አጠገብ ወድቆ ተሳፍሮበት የነበረውን ወንድሟን አካለ ወልድን ከነነፍሱ አቃጥሎት ነበር። ጓዴ ነዳጁ እንደሚያንጠባጥብ እያወቀ እንዳስነሳው ከራሱ ማስታወሻ ላይ አንብባ ነበር።

«ካነበብኩት በኋላ ስድስት ወር ከገዳዩ ጋር አንድ ማዕድ ቆረስኩ» አለች።

«ያን ቀን ሞተሩን የማስነሳት ተራው የሣህለ ማርያም ቢሆን ኖሮስ?» አለቻት ሥርጉት።

ወለተ ሐና ወደ ሣህለ ማርያም ዞረች። በያጁ ፕሮፔለሩን ሊያዞርባቸው የነበሩትን ሁለት መዳፎቹን ገልብጦ ያያቸው ጀመር። ያኔ ነው ያለቀሰችው።