ኖራ የነካው ቁርበት

ዶክተር ቲንድየብዋ ምባራራ ከተማ ባለው ቤቱ፣ ቁርበቱ ላይ እንደተጋደመ ሞቶ ተገኘ። የገደለው አባሰንጋ የተባለው በሽታ ነው፤ የሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ከብትንም ሰውንም እንዳይጨርስ የሚያጠናው። ከቤተ ሙከራ ያስመለጠችው ተማሪው ኒንሲማ ናት ተባለ። ኢንስፔክተር ካባሁማ ሌላ ሰበብ ካላገኘች ልጅቷ ነገ ወህኒ ትወርዳለች።

«ያለ ጓንት ብልቃጥ ነክቼ አላውቅም፣ ማማ» አለች ኒንሲማ።

«እሱስ?» አለች ካባሁማ።

«እሱማ ይብሳል። ሻይም በጓንት የሚጠጣ ነው የሚመስለን።»

ካባሁማ አስከሬኑን አየች። እጁና ፊቱ ንጹሕ ነው። አባሰንጋ የሚያወጣው ጥቁር ቁስል ትከሻውና ጀርባው ላይ ነው።

«ወገቡን ስለሚያመው መሬት ነበር የሚተኛው» አሉ እናቱ። «ቁርበቱን ጓደኛው፣ የከብት ሐኪሙ ዶክተር ሩዋኪሼታ አመጣለት። ደግ ሰው፤ ይኸው ከለቅሶው አልተለየም።»

ካባሁማ ጓንት አጥልቃ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና የቁርበቱን ገበር ተረተረች። ከሥሩ ኖራ ነበር። ከዚያ እናቱን፣ ኒንሲማንና ሩዋኪሼታን ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ቁርበቱን ከየት አመጡት፣ ዶክተር?»

«ከገበያ።»

«ቆዳ ፋቂ ኖራ የሚያደርገው ፀጉሩን ለማርገፍ ነው። ይኼ ፀጉሩ እንዳለ ነው።»

«ነጋዴውን ጠይቂዋ።»

«በኖራ የሚቀበረው በአባሰንጋ የሞተ ከብት ነው። ከዚህ በላይ ኮረብታው ላይ የሞተችውን ላም ያስቀበሩት፣ መዝገቡ እንደሚለው፣ እርስዎ ነዎት። ‹አካባቢው ከበሽታው ነጻ ነው› ብለው የፈረሙትም እርስዎ። ቲንድየብዋ ሊያጋልጥዎ ሲል የዚያችን ላም ቁርበት ስጦታ ብለው ይዘው መጡ። ኖራውን ቢያይ ስለሚገባው ገበር ሰፉበት።» ወደ እናትየው ዞረች። «ያመጣ ቀን ተቀመጠበት?»

«ጉልበቴን አሞኛል ብሎ የማሽላ መጠጡን፣ ቡሼራውን፣ ቆሞ ጠጣ።»

ሩዋኪሼታ አንገቱን ደፋ። «እሱ ብቻ ነው የሚተኛበት ብዬ ነበር።»

ካባሁማ ደነገጠች። «ማማ፣ ከሞተ ወዲህ ማን ተኛበት?»

አሮጊቷ ወደ ቤቱ ዞረው አዩ። «የልጅ ልጄ… አልተኛም ብላ ስታለቅስ፣ የአባቷ ጠረን አለበት ብዬ በእሱ ጠቀለልኳት።»

ኒንሲማ ሮጣ ገባች። የሕፃኗን ቀሚስ ከአንገቷ ገለጥ አድርጋ አየች፤ ግንባሯን ዳሰሰች።

«ትኩሳት ብቻ ነው፣ አይደል? ጉንፋን ነው በይኝ፣ ልጄ።»

ኒንሲማ ሕፃኗን አቅፋ ወደ መኪናው ሮጠች። አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው ሁለት እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ይጠርጉ ነበር፤ ደጋግመው።