የእናቴ ጽጌረዳ ቁራጭ

ይህን ስናገር የሳቁብኝ አሉ። እናንተም ከፈለጋችሁ ሳቁ። እኔ ግን የምነግራችሁ ልጄን ያጣሁበትን ቀን ነው።

ዘንድሮ ነው። ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሐረር፣ ጁገል ግንብ ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ ያለው ቤታችን...

ነገሩ የመጣው በአበባ ነው።

ሟች እናቴ ግቢያችን ውስጥ የተወችልን አንዲት ጽጌረዳ ነበረች። ቢጫ ሆና ጫፍ ጫፏ ቀይ። ዘሯን ዘርቼ ሞክሬ ነበር፤ የወጣው ተራ ሮዝ ሆነብኝ።

እናቴ ትነግረኝ ነበር። "ከዘር የሚበቅለው ልጇ ነው፤ ቀለሙ ይለወጣል። ከቁራጭ የሚበቅለው ግን እሷው ራሷ ናት። ስትቆርጪ ቢስሚላህ በዪ።"

እኔ ምን ቁም ነገር አለኝ... ቁራጯን የቆረጥኩ ዕለት የአምስት ዓመቷ ልጄ ኑሀ አልበላም ብላ ደሜን አፍልታው ነበር። ቢስሚላህ ሳልል ቆረጥኩ።

ምላጩ ጣቴን በላኝ። ደሜ ቁራጩ ላይ ተንጠባጠበ።

ሳልጠርገው ቆርቆሮ ውስጥ ተከልኩት። ለእህቴ ለሂክማ ሰጠኋት፤ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር ወዳለው ቤቷ ወሰደችው።

በሦስተኛው ወር ደወለችልኝ። "ፈካ! ቀለሙ ቁርጥ የእማ።" ደስ አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ደወለች።

"ሻርፕሽን ረስተሽ ሄድሽ።"

"የት?"

"እኔ ጋ ነዋ። አሁን አይደል የወጣሽው?"

እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከቤት አልወጣሁም።

"ሂክማ፣ አትቀልጂ።"

"ምን ቀልድ አለው? አበባው ሥር ቁጭ ብለን ምሳ በላን እኮ..."

"ምን አልኩሽ?"

በሹክሹክታ መለሰችልኝ...

"ስለ ኑሀ ብቻ ጠየቅሽኝ። ምን እንደምትወድ። ከትምህርት ቤት ስንት ሰዓት እንደምትወጣ። እናቷ ሆነሽ ይህን እኔን መጠየቅሽ ገርሞኝ ነበር።"

ስልኩን ጥዬ ሮጥኩ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ጋሽ እንደሻው፣ ሲያዩኝ ግራ ገባቸው።

"ምነው ልጄ፣ ምን ረስተሽ ተመለስሽ?"

"ኑሀስ?"

"አሁን ይዘሻት ሄድሽ አይደል እንዴ?"

ክንዳቸውን ያዝኩ።

"እየሳቀች ነው የሄደችው" አሉ። "እንዲያ ስትስቅ አይቻትም አላውቅ።"

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላስታውስም። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። በስንጥቁ አየሁ።

ጽጌረዳዋ ሥር አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ቀሚሱ የእኔ ነው። ኑሀ ፊት ለፊቷ ናት። ታጎርሳታለች... ኑሀም ትበላለች። እኔ ለምኜ ለምኜ የማትበላዋ ልጅ።

"ኑሀ" አልኩ በቀስታ። "ነይ ክፈቺልኝ። እማ ነኝ።"

መጣች። በሩን ትንሽ ከፈት አድርጋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። አልፈራችም። ብትፈራ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ኋላ ዞራ ተጣራች።

"እማ... አንዲት ሴትዮ መጥታለች። አንቺን ልትመስል እየሞከረች ነው።"

ከውስጥ የገዛ ድምፄ መለሰላት።

"ዝጊው የኔ ልጅ።"

ኑሀ ዘጋችው።