ከአንድ ቀጥሎ አስር

ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ ልጆቼ፤ ሰው መናቅ አንዱን የተማረ ሰው የት እንዳደረሰው ላጫውታችሁ።

የአንድ ምርምር ተቋም ማሽን ክፍል ሽማግሌ ኃላፊ በግዙፍ ኮምፒውተሮቹ መካከል በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን በብረት ተመተዋል፤ የሞቱትም ከጠዋቱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከእሳቸው ሌላ ቁልፍ የነበራቸው ዳይሬክተሩ ዶክተርና ጸሐፊዋ ብቻ ናቸው።

«ጸሐፊዋን እሰሪያት» አላት ዶክተሩ መርማሪዋን፣ ፎቅ ላይ ባለው ቢሮው ወንበሩ ላይ እንደተንጋለለ። «ደብዳቤ እንኳ በቅጡ ሳትተይብ ስክሪፕት ልማር የምትል ናት።»

«ስክሪፕት ምንድን ነው?»

«ትእዛዙን ደርድረሽ ጽፈሽ ለማሽኑ ትሰጪዋለሽ፤ አንቺ ስትንጎራደጂ እሱ ይሠራል። የሰነፍ መላ ነው። እኔ በእጄ ነው የምሠራው።»

«ያን ጠዋትስ እርስዎ?»

«እዚሁ ነበርኩ። ታች ላለው ማሽን አሥራ ሁለት ስሌት በየአሥር ደቂቃው ላክሁ፤ ከአንድ ጀምሬ በተራ። መዝገቡን እይ— ማንበብ ከቻልሽ።»

ጸሐፊዋ ዓይኗ አብጦ ነበር። «እኔ ከታሰርኩ እናቴን ማን ያያታል? አባባን እንዴት እገድላለሁ? ስክሪፕት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ስክሪፕቴ እንደ ጉድ ስቀውብኛል።»

«ለምን?»

«ማሽኑ የፋይል ቁጥርን እንደ ፊደል ነው የሚደረድረው፤ ሁለቱም በ1 ስለሚጀምሩ ከአንድ ቀጥሎ አስርን ያመጣል። ‹ከፊቱ ዜሮ ጨምሪ ልጄ፣ 01፣ 02 በይው› አሉኝ፤ አረምኩት። የመጀመሪያውን፣ ያልታረመውን ግን ዶክተር ወሰዱት፤ ስብሰባ ላይ ሊስቁበት።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም ማሽን ክፍሉ በር ላይ ሰበሰበችና መዝገቡን አነበበች። «አንድ፣ አስር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት። ሰዓቱም ሴኮንድ አላዛነፈም። ዶክተር፣ በእጁ የሚልክ ሰው ከአንድ ወደ አስር ይዘላል?»

«ካንቺ ጋር ስለ ኮምፒውተር አልከራከርም።»

«አይከራከሩ፤ ያንብቡ። ይህ ከእርስዎ ፋይሎች መሃል የተገኘ ስክሪፕት ነው። አናቱ ላይ ማሽኑ ሳያነብ የሚያልፈው፣ ለሰው የተጻፈ ማስታወሻ አለ፤ ‹አባባ፣ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ› ይላል። እሱ ስሌት ሲልክልዎ እርስዎ ታች ማሽን ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ስለናቋት የሰረቁባትን እንኳ አላነበቡም።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

«በጥናትዎ ያሳተሙት ውጤት እዚህ ማሽን ላይ ጨርሶ እንዳልተሠራ ሽማግሌው ደርሰውበታል። የጻፉት አቤቱታ መሳቢያቸው ውስጥ ነው።»

ዶክተሩ ዙሪያውን አየ። «አንድ ማሽን ጠባቂ እኔን ሊያዋርድ?» አለ፤ ከአፉ የወጣው ቃል ራሱን አሳሰረው።

ጸሐፊዋ ወደ እናቷ ተመለሰች፤ ዛሬ የማሽን ክፍሉ ቁልፍ በእጇ ነው። እናንተም ልጆቼ፣ ከቁጥር ፊት ዜሮ በጻፋችሁ ጊዜ እኚያን ሽማግሌ አስቡልኝ።