ሁለት ሰው የማይችል ጓንት

ይህ ጓንት ሁለት ሰው ይሸከም ይሆን?

መሐንዲሱን ጠየቀችው። ግድግዳ ላይ የሚጣበቀውን ጓንት የሠራው እሱ ነው፤ የሞከረው ግን ብቻውን ነው።

በሩ በኃይል ተመታ። ጠባቂዎቹ ደርሰዋል።

የጽዳት ሠራተኛ መስላ ነው እዚህ ሕንፃ የገባችው። የምስጢር ስሟ ጥላ ነው። የተላከችው መሐንዲሱንና ጓንቱን ልታወጣ ነው። ያገቱት ሰዎች በጓንቱ በግድግዳ ወጥተው፣ በመስኮት ገብተው፣ ሰው በአልጋው ላይ ሊገድሉበት ነው የፈለጉት። ለመሐንዲሱ እናትም «ልጅሽን በእጄ አመጣልሻለሁ» ብላለች። ምን ነበር አፏን ያስከፈታት!

«አጎት፣ ደረጃው ተይዟል» አለች በጆሮ ማዳመጫዋ። አጎት አለቃዋ ነው።

«በመስኮት ውረዱ። ግድግዳው መስተዋት ነው፤ ይይዛል።»

የመሐንዲሱን እጅ ሰብረውታል። ስለዚህ ጓንቱን እሷ አጠለቀች። እግሯን ከጓንቱ በተንጠለጠሉት ማንገቻዎች አስገባች። እሱን በቀበቶ ጀርባዋ ላይ አዘለችው።

«ስንት ኪሎ ነሽ፣ እትዬ?»

«ሴት እንዲህ ትጠየቃለች? ባለጌ!»

በጭንቅ መሀል ሳቀ።

«እንደ እንሽላሊት መዳፍ ነው፤ ዓይን የማያየው ፀጉር አለው። አትጫኚው። ወደ ታች ሳቢው፣ ይይዛል። ስታነሺው ከጣትሽ ጀምረሽ ላጪው።»

ወጡ። ጠራራ ፀሐይ። ከታች መኪኖቹ የክብሪት ቀፎ አክለዋል።

ሳበች። ያዘ። ላጠች። ወረደች።

ቀኝ እጇ ተንሸራተተ።

«መስተዋቱን ምን ቀብተሽዋል?» አለ መሐንዲሱ ከጀርባዋ።

«የማብለጭለጫ ቅባት። ጠዋት አጎት አዘዘኝ። ማንም እንዳይጠረጥርሽ ውጭውንም ጥሩ አድርገሽ ወልውዪው አለኝ።»

በመስኮት ውረዱ ያለውም አጎት ነው።

«ሸጦናል» አለ መሐንዲሱ። «ከታች ያለውስ?»

«መወልወያዬ አልደረሰበትም። ደረቅ ነው። ትንሽ ብቻ ቻለው፣ ልጄ!»

ግራ እጇም መንሸራተት ጀመረ።

«ለአንድ ሰው ይይዛል፣ እትዬ።»

«ዝም በል! ቀበቶውን እንዳትነካ! በምን ዓይኔ ነው እናትህን የማያት?»

«ጓንቱን አቃጥዪው። ለማንም እንዳትሰጪ።»

ቀበቶው ተፈታ።

ጀርባዋ ቀለላት።

ጓንቱ ያዘ።

ጥርሷን ነክሳ ወረደች። ሰው ሁሉ ወደ ወደቀው ልጅ ሲሮጥ፣ የጽዳት ልብስ የለበሰችን ሴት ማን ልብ ይላል? ማዳመጫዋን ቦይ ውስጥ ጣለች።

በመሐንዲሱ እናት ቤት ምድጃው ይነድ ነበር። ለልጇ ገላ መታጠቢያ ውሃ ጥዳለች። ጥላ ጓንቱን እሳቱ ውስጥ ከተተችው። እየተጨማተረ ነደደ። ዐመድ እስኪሆን ቆማ ጠበቀች።

«ይሄ ልጅ ዱሮም ዘገምተኛ ነው» አለች እናትየው ወደ በሩ እያየች። «ከኋላሽ ነው አይደል? ውሃው እንዳይቀዘቅዝበት።»

ጥላ ሻሿን ወደ ግንባሯ ዝቅ አደረገች። ከቤቱ ወጣች።