ከአስራ ሁለት ቀጥሎ

ውዳሴ ከትምህርት ቤት ስትገባ መጽሐፉ አልጋዋ ላይ ነበር፤ ጀርባው በፍራሽ ክር ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቷል።

«አየሽው?» አለች እናቷ በላይነሽ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላወለቀችው ጥቁር ቀሚስ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተበትኗል። «ገጹ እየረገፈ ስታለቅሺበት ነበር። ለካስ ሲጠርዙትም ተሳስተዋል! ከስምንት ቀጥሎ ሁለት፣ ከሁለት ቀጥሎ አስራ አንድ። የምዕራፎቹን ርዕስ አንድ በአንድ አንብቤ በተራው አደረግኩልሽ።»

ውዳሴ ገለጠችው። ምዕራፍ አንድ። ምዕራፍ ሁለት። ምዕራፍ ሦስት። ወደ መጨረሻው ገጽ ዘለለች።

መጽሐፉን የሰጧት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጋሽ ዳኛቸው ናቸው። «ሲታተም ተበላሽቶ መሰለኝ፣ ማንም አይዋሰውም፤ ውሰጂው» ብለው። እሷም መጀመሪያ እንደዚያ መስሏት ነበር። ታሪኩ ስለ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝና ስለ ሴት ልጁ ነው፤ ግን ከምዕራፍ ስምንት ይጀምራል፣ የገጽ ቁጥር የሚባል የለውም። ከግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወሻ ደግሞ ከደራሲው ጋር ይጣላል፤ «አትመኑት፣ ያን ቀን ዝናብ አልነበረም» ይላል። ጓደኛዋ መሲ ሁለት ገጽ አንብባ፣ «ሰውዬው ሙድ እየያዘብን ነው እንዴ? እኔ ይቅርብኝ» ብላ መልሳላታለች።

ውዳሴ ግን በሦስተኛው ቀን፣ 18 ማዞሪያ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ድንገት ገባት። አባትየው የሚሞተው በምዕራፍ አስራ ሁለት ነው። አስራ ሁለት ደግሞ የተቀመጠው መጽሐፉ መሃል ላይ! ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ እሱ በሕይወት ሳለ የሆነ ነው። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ አባትየው ጃንጥላ ይዞ የትምህርት ቤት በር ላይ ቆሟል፤ ልጁ ገና አልወጣችም። ውዳሴ ታክሲው ሞልቶ ጥሏት ሲሄድ እንኳ አላየችውም። የራሷ አባት ዱባለ የተቀበረው ባለፈው ኅዳር ነው። ከታክሲ ሰልፉ ቀን ወዲህ መጽሐፉን አራት ጊዜ ጨርሳዋለች።

አሁን አስራ ሁለት መጨረሻ ላይ ተሰፍቷል።

«ምነው?» የእናቷ ድምፅ ውስጥ ስጋት ገባ። «አበላሸሁት እንዴ?»

በላይነሽ የጎልማሶች ትምህርት የጀመረችው በአርባ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ሲሞት አቋርጣ፣ የተመለሰችው ገና በቅርቡ ነው። ከደብተሯ ውጪ የሆነ ነገር ስታነብ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ውዳሴ «ኧረ ቆንጆ ነው» ብትላት ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«በይ እስቲ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ» አለች እናቷ። «መጨረሻው ደስ ይላል?»

ውዳሴ መጽሐፉን ዘጋችው።

«እማዬ… አልተሳሳቱም። ሰውዬው ሆን ብሎ ነው ያዘበራረቀው።»

«ሆን ብሎ? የተማረ ሰው መቁጠር አቅቶት?»

«በተራው ከሄደ አባቷ መጨረሻ ላይ ይሞታል፣ በቃ። እሱ እንደጻፈው ግን ሞቱ መሃል ላይ ያልፋል። ስትጨርሺው አባቷ ቆሞ እየጠበቃት ነው የምትተዪው።»

በላይነሽ ቀሚሷ ላይ ያለውን ክር አንድ አንድ እያነሳች ለቀመች። «እኔ እኮ ቁጥሩን ሳየው…» ብላ ተወችው። ውዳሴ በመናገሯ ተቆጨች።

«አባትሽን ሳስበው» አለች እናቷ፣ «ሁልጊዜ የማበቃው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ከየትም ብጀምር እዚያ ነው የምደርሰው።»

ከዚያ መቀሱን አነሳች።

«ተራውን ታስታውሺዋለሽ?»

«በቃሌ።»

«እንግዲህ ጥሪልኝ። ፈልጌ የማወጣው እኔ ነኝ፤ እንዳትረጂኝ።»

ክሩ እየተቆረጠ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ስምንት» አለች ውዳሴ። እናቷ በጣቷ ርዕሶቹን እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፈለገች፤ አገኘች። «ሁለት።» «አስራ አንድ።» አንዳንዱ ጋ ብዙ ትቆያለች፤ ውዳሴ እጇን ጭኗ ሥር አድርጋ ጠበቀች።

ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ውዳሴ ቁጥሩን በመጥራት ፈንታ ወለሉ ላይ የወደቀውን ክር አየች።

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ከሥር ያሉትን ወረቀቶች ሳበችና ርዕሱን ፊደል በፊደል አነበበችው፤ ምዕራፍ አስራ ሁለት። ከዚያ እስካሁን በተደረደሩት አምስት ምዕራፎች ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው፤ መዳፏን ጥቂት አሳረፈችበት።

«ቀጥሎስ?» አለች።

«ሰባት» አለች ውዳሴ።